ለትንሽ እባብ ቤት እያዘጋጀሁ ነው፤ ከማምጣቴ በፊት እዩልኝ

ጮራ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ሳልጽፍ እያነበብኩ ብቻ ነበር የቆየሁት፤ አሁን ግን ጥያቄ ተጠራቅሞብኝ ብቅ አልኩ። በቅርቡ አንዲት ትንሽ ኮርን ስኔክ ልወስድ ነው። ከእንቁላል ከወጣች ገና ጥቂት ወሯ ነው። አርቢው ጋ የተፈለፈለች እንጂ ከዱር የተያዘች አይደለችም። ውፍረቷ ከእርሳስ ብዙም አይበልጥም።

እጄ ላይ ያለው ይሄ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድ፣ 45 ቁመት ያለው የመስታወት ሳጥን፤ ክዳኑ የወንፊት ሽቦ። ከሥር የሚነጠፍ የማሞቂያ ምንጣፍ። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ክብ ቴርሞሜትር። ባዶ ግንድ የሚመስል አንድ መደበቂያ። የውሃ ሳህን።

ግራ የገባኝ ነገር ብዙ ነው። አንዱ «ሳጥኑ ለሕፃን እባብ በጣም ሰፊ ነው፣ ትደነግጣለች፣ በትንሽ ፕላስቲክ ሳጥን ጀምሪ» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ፕላስቲክ ውስጥ ማጎር ግፍ ነው» ይላል። ምንጣፉ ብቻ ይበቃል ወይስ አምፖልም ያስፈልጋል? ምን ልጎዝጉዝላት? ሳሎን መስኮቱ ሥር ጥሩ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ አለኝ፣ እዚያ ላደርጋት አስቤያለሁ። ባለቤቴ የተስማማው በአንድ ቃል ነው፦ «እንዳታመልጥ!» ስለዚህ ስለ ክዳኑም ንገሩኝ።

ቆዳ_ገፋፊ

እንኳን ደህና መጣሽ። እባቧ ሳትመጣ መጠየቅሽ ደስ ይላል፤ አብዛኛው ሰው እኮ እባቡን በካርቶን ይዞ ቤት ከገባ በኋላ ነው «አሁን ምን ልግዛ» የሚለን።

መስኮቱን እርሺው። የመስታወት ሳጥን ላይ ቀጥታ ፀሐይ ካረፈበት ውስጡ በአጭር ጊዜ ይጋላል። እባብ ላብ የላትም። ሙቀት ሲበዛባት የምታደርገው ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መሄድ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ በሙሉ ከጋለ ግን የምትሄድበት የለም። ፀሐይ የማይደርስበት፣ በር የማይደበደብበት፣ ሰው ሽር ጉድ የማይልበት ግድግዳ ፈልጊላት። ከድምፅ ማጉያ አጠገብም አታድርጊያት፤ ንዝረቱን በመላ ሰውነቷ ነው የምትሰማው።

ከዝርዝርሽ የጎደለው ትልቁ ነገር ቴርሞስታት ነው፤ የማሞቂያውን ሙቀት በልክ የሚይዝ መቆጣጠሪያ። ያለ እሱ ምንጣፉን ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው። ክቡን ቴርሞሜትር ደግሞ ለጌጥ ተዪው። እሱ የሚለካው የተለጠፈበትን መስታወት ነው እንጂ እባቧ የተኛችበትን ቦታ አይደለም፤ ስህተቱም ትንሽ አይደለም። ሽቦና ጫፉ ላይ ሴንሰር ያለው ዲጂታል ሁለት ያስፈልግሻል፦ አንዱ ለሙቁ ጎን፣ አንዱ ለቀዝቃዛው። በርቀት የገጽታ ሙቀት የሚለካውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ከቻልሽ ጨምሪበት፤ ትወጂዋለሽ።

ለኮርን ስኔክ የምትፈልጊው ይሄን ነው። በሙቁ ጎን፣ የምትተኛበት ወለል ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ። በቀዝቃዛው ጎን ከ22 እስከ 24። ሌሊት ሁሉም ወደ 20 አካባቢ ቢወርድ ምንም አትሆንም። ቁም ነገሩ ልዩነቱ መኖሩ ነው። እባብ ሰውነቷን የምታሞቀውና የምታቀዘቅዘው ከቦታ ቦታ በመሄድ ስለሆነ አንድ ወጥ ሙቀት ያለው ሳጥን፣ ሙቀቱ «ትክክል» ቢሆን እንኳ፣ ምርጫ የማይሰጥ ሳጥን ነው።

ለዚህ ነው አንድ መደበቂያ የማይበቃው። አንድ ብቻ ካለ የት ታስቀምጪዋለሽ? ሙቁ ጎን ካደረግሽው፣ ስትፈራ ሙቀቱ ቢበዛባትም እዚያው ትቆያለች። ቀዝቃዛው ጎን ካደረግሽው ደግሞ ምግብ ሳይፈጭላት ተደብቃ ትውላለች። ሁለት ይሁኑ፤ ጠባብ ይሁኑ። ስትጠቀለል ጎኗና ጀርባዋ ግድግዳውን መንካት አለበት። ያ ባዶ ግንድ ሁለቱም ጫፉ ክፍት ከሆነ ለእሷ መተላለፊያ ነው እንጂ መደበቂያ አይደለም።

ዝምታ_ወርቅ

በሁሉም እስማማለሁ፣ በሳጥኑ መጠን ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ለዚህች ልጅ 90 ሳንቲ ሜትር አልመክርም። እኔ ግልገሎችን ለብዙ ዓመት በትንንሽ ፕላስቲክ ሳጥን ነው የማስጀምረው፤ የአየር ቀዳዳ ያለው፣ ክዳኑ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ። ይበላሉ፣ ያድጋሉ፣ በሰላም። ሰፊ ቦታ የገቡት ግን ጥግ ይዘው ቁጭ ይላሉ፣ ምግብ እንቢ ይላሉ። ከዚያ ባለቤቱ ይደነግጥና በየቀኑ ያነሳታል፣ ይባስ ብላ አትበላም። ጀማሪን ለምን እዚህ ጣጣ ውስጥ እንከተዋለን?

ቆዳ_ገፋፊ

«ሰፊ ቦታ የገቡት ጥግ ይዘው ቁጭ ይላሉ»

የገቡበት ሰፊ ቦታ ምን ነበረበት? ጥያቄው እሱ ነው። አንድ ግንድ፣ አንድ ሳህን፣ ከዚያ በአራቱም በኩል ራቁት መስታወት ከሆነ ትደነግጣለች፤ እኔም ብሆን እደነግጣለሁ። በሜዳ ላይ ያለ የእባብ ግልገል የወፍ ምሳ ነው። ስለዚህ ያስፈራት ስፋቱ አይደለም፣ ባዶነቱ ነው። ያንኑ 90 ሳንቲ ሜትር በቅርፊት፣ በቅርንጫፍ፣ በደረቅ ቅጠል፣ በአርቴፊሻል ተክል ሙዪውና ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ድረስ ሳትታይ መሄድ የምትችል አድርጊው። ያኔ ትልቅ ሳጥን ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ጉድጓድ ነው የሚሆንላት። ዱር ያለችውስ በፕላስቲክ ነው እንዴ የምታድገው?

ዝምታ_ወርቅ

እሺ፣ በባዶነቱ ላይ ልክ ነህ። ግን ትንሹ ሳጥን ከመደበቅ ሌላም ጥቅም አለው፣ እሱን አትዝለለው። ግልገሏ በላች አልበላችም፣ ኩሷ እንዴት ነው፣ ቆዳዋን ገፈፈች ወይ፣ ሁሉም በአንድ እይታ ይታያል። ቅጠል በሞላው ሳጥን ውስጥ ጀማሪ ሰው እባቡን ፍለጋ ሁሉን ነገር ሲያነሳ ሲያስቀምጥ ይውላል። ያ ራሱ ጭንቀት ነው። ማምለጡም አለ፤ እርሳስ የምታክል እባብ የወንፊት ክዳን ጥግ ላይ ባለች ክፍተት ትወጣለች።

ቆዳ_ገፋፊ

ይሄኛው እውነት ነው፣ አልከራከርም። ጮራ፣ ትንሽ ሳጥን ከያዝሽ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፣ ለሕይወቷ አይደለም። አዋቂ ኮርን ስኔክ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ በደንብ ከተያዘች 20 ዓመት ትኖራለች። ለአዋቂዋ ቢያንስ 120 በ60 የሆነ ቤት ያስፈልጋል፤ ሙሉ ሰውነቷን ዘርግታ መተኛት ከቻለች ደግሞ የተሻለ ነው። አሁን ያለሽ 90 ግን በደንብ ከሞላሽው የልጅነት ጊዜዋን ይሸፍናል፣ አሁን ሌላ መግዛት የለብሽም።

ፈሪ_ነኝ

እኔ ርዕሱን አንብቤ እግሬን ወንበር ላይ አውጥቻለሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባል የለ፣ እኔ ደግሞ የእባብ ጽሑፍ አይቼ በረየሁ። ግን ማንበቤን ማቆም አልቻልኩም። ቀጥሉ።

ሽቦ_ሰው

እንግዲህ ኤሌክትሪኩን ለእኔ ተዉልኝ።

የማሞቂያ ምንጣፍ መጠኑን አያውቅም። ሰካሽው፣ ይሞቃል፤ ከላዩ ጉዝጓዝ ሲበዛበት ሙቀቱ መውጫ ያጣና መስታወቱ የበለጠ ይጋላል። ያለ መቆጣጠሪያ የተተወ ምንጣፍ መስታወቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ከላይ ስትነኪው ለብ ያለ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን እሳት ነው። ኮርን ስኔክ ደግሞ መቆፈር ትወዳለች፤ ጉዝጓዙን ሰንጥቃ መስታወቱ ላይ ትተኛለች። እባብ ሆዷ እየተቃጠለ እንኳ ቶሎ ላትሸሽ ትችላለች። ቃጠሎው ቀይ ሆኖ ወይም ውሃ ቋጥሮ ሲታይ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ሐኪም ጋ ነው።

ስለዚህ ቴርሞስታት። ለምንጣፍ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያደርገው ቀላሉ ዓይነት ይበቃል። ለአምፖል ግን ብርሃኑን ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ነው የሚያስፈልገው፤ አለበለዚያ አምፖሉ ቀኑን ሙሉ ብልጭ ድርግም ሲል ይውላል፣ ቶሎም ይቃጠላል።

ሴንሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውስጥ ከተቀመጠ እባቧ ልትጎትተው ወይም ሳህኗ ውስጥ ልትጥለው ትችላለች። ሴንሰሩ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ቴርሞስታቱ «በርዷል» ብሎ ሳያቋርጥ ያሞቃል ማለት ነው። ለዚህ እኔ የምመርጠው ከውጭ፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አጥብቆ ማሰር ነው። ያኔ ቴርሞስታቱ ላይ የምትሞዪው ቁጥርና ውስጥ የምታገኚው ሙቀት አንድ አይሆንም፤ የመስታወቱ ውፍረት የሚወስደው አለ። አይጨንቅሽ። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገሽ የመስታወቱን ወለል ከውስጥ ለኪ፣ ከ30 እስከ 32 እስኪሆን ቴርሞስታቱን ከፍ ዝቅ አድርጊ፣ አለቀ። ከዚያ ቴርሞስታቱን ሳይሆን መለኪያሽን እመኚ።

ምንጣፉ የወለሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ይሸፍን፣ ከአንድ ጎን። ሳጥኑን በትንንሽ እግሮች ከጠረጴዛው ከፍ አድርጊው፣ ከሥሩ አየር ያስፈልገዋል። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይመለስ፤ የውሃ ሳህን ቢገለበጥ ጠብታው ገመዱን ተከትሎ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ እዚያው ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል።

አሁን «ምንጣፉ ብቻ ይበቃል ወይ» ላልሽው፣ በክፍልሽ ይወሰናል። ምንጣፍ ወለል ያሞቃል እንጂ አየር አያሞቅም። ክፍሉ ሌሊት ከ20 በታች የማይወርድ ከሆነ ለግልገል ይበቃል። ከወረደ ከላይ የሚሞቅ ነገር ያስፈልጋል፦ ቀን ሃሎጅን አምፖል፣ ሌሊት ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ። ከወንፊቱ በላይ፣ ከውጭ ይቀመጥ። ውስጥ ከሆነ የሽቦ መከለያ ግድ ነው፣ ሄዳ ትጠመጠምበታለች። ቀይና ሰማያዊ የሌሊት አምፖል የሚባለውን አትግዢ፤ ሌሊት ጨለማ መሆን አለበት። ሲሞቁ የሚውሉ አርቴፊሻል ድንጋዮችም አሉ፤ እነሱን እንዳትነኪያቸው፣ ስንት እባብ አቃጥለዋል።

ነጠብጣብ

ውይይቱን ልጠልፍ አይደለም ግን ከርዕሱ ጋር ስለሚሄድ ነው። እኔ ያለኝ ቦል ፓይተን የሚባል ሌላ ዓይነት ትንሽ እባብ ነው። ቆዳውን ሲገፍ ቁርጥርጥ እያለ ነው የሚወጣው፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። እርጥበቱ 35 በመቶ ያሳያል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምረጭ አታውቁም፣ ግን ወዲያው ይደርቃል። የእኔም ክዳን የወንፊት ነው።

ቆዳ_ገፋፊ

መልሱን ራስህ ጻፍከው እኮ፣ «የእኔም ክዳን የወንፊት ነው»። የረጨኸው ሁሉ በክዳኑ እየወጣ ነው። አምፖል ካለ ደግሞ እሱ ራሱ አየሩን ወደ ላይ ይስበዋል።

ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እንስሳ ነው። ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። አገሩ ደረቅ ቢሆን እንኳ ጉድጓዱ ውስጥ እርጥበት አለ። ስለዚህ ከ60 እስከ 70 በመቶ ፈልግለት፣ ቆዳ ሊገፍ ሲል ትንሽ ከፍ። ከክዳኑ ሦስት አራተኛውን በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በፕላስቲክ ሸፍነው፤ አምፖሉ ያለበትን ቦታ ግን እንዳትነካ። ጉዝጓዙን የኮኮናት ቅርፊት አድርገህ አወፍረው፣ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር። መርጨቱን ተወውና ውሃ በየጥጉ አፍስስ፤ ከሥር ይረጥባል፣ ላዩ ይደርቃል፣ እርጥበቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ላዩ ሁልጊዜ ጭቅይት ካለ የሆዱ ቆዳ ይበላሻል፣ ከመጠን አትለፍ።

ሙቀቱም ከኮርን ስኔክ ትንሽ ከፍ ይላል፦ ሙቁ ጎን 32 አካባቢ፣ ቀዝቃዛው 25 ወይም 26።

የጅራቱን ቀለበት በጉልበት አትጎትት፤ ግን ዝም ብለህም አትተወው፣ ሲደራረብ ደም ያግዳል። ለብ ያለ ውሃ፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ጥልቀቱ ከጀርባው የማይበልጥ፣ ጥቂት ደቂቃ፣ እያየኸው። ከዚያ እርጥብ ፎጣ ውስጥ ይሳብ፣ ራሱ ይልጠዋል። ዓይኑ ላይ የቀረ ካለ በጥፍርም በመቆንጠጫም እንዳትነካው። እርጥበቱን አስተካክልና የሚቀጥለውን ቆዳ ጠብቅ፤ ያኔም ካልወጣ ሐኪም።

ነጠብጣብ

ፎይሉን ዛሬውኑ አደርጋለሁ። እግዜር ይስጥህ።

ጮራ

የነጠብጣብ ጥያቄ ለእኔም ጠቀመኝ። ለኮርን ስኔክስ እርጥበቱ ስንት ነው? ጉዝጓዙስ? ቤት ውስጥ የአናጺ ሥራ ነበረን፣ ሰጋቱራ በከረጢት ሞልቷል፣ እሱ አይሆንም?

ዝምታ_ወርቅ

ሰጋቱራው አይሆንም። ደቃቅ ብናኝ ነው፣ አፍንጫዋና ሳንባዋ ውስጥ ይገባል፤ የምን እንጨት እንደሆነና ምን እንደተቀባም አታውቂም። ሽታው የሚያውድ እንጨት፣ ጥድና ሴዳር በተለይ፣ የሚለቀው ዘይት ለእባብ መርዝ ነው። ለእኛ ደስ የሚለን ሽታ እኮ ነው ጉዳቱ። አሸዋም አይሆንም።

ለኮርን ስኔክ የተለመደው አስፐን የሚባለው ዛፍ ፍቅፋቂ ነው። ሽታ የለውም፣ ስትቆፍርበት ዋሻዋ አይናድም። ችግሩ ከረጠበ ይሻግታል፤ ከውሃ ሳህኑ ሥር በየጊዜው እያነሳሽ እዪ። እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ይበቃታል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ወስደሽ ጎኑን ብሺ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ አለስልሺው፣ ስፋግነም ሞስ የሚባለውን ውሃ የሚይዝ ተክል አርጥበሽ ውስጡን ሙዪው። ዓይኗ ወተት መስሎ ሲደፈርስ ቆዳ ልትገፍ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ራሷ ትገባበታለች።

መጀመሪያ ግን፣ ይሄ የእኔ ምክር ነው፣ ለጥቂት ሳምንታት ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ብቻ አንጥፊላት። አያምርም። ግን ማይት የሚባሉት ደም የሚመጡ ጥቃቅን ጥቁር ተባዮች ከእሷ ጋር መጥተው እንደሆነ ነጩ ላይ ወዲያው ይታያሉ። ኩሷም ይታያል። ንጹሕ መሆኗ ሲረጋገጥ አስፐኑን ታስገቢያለሽ።

ቆዳ_ገፋፊ

በወረቀቱ እስማማለሁ፣ ግን መደበቂያውና ቅጠሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑር። ወረቀቱንም ድርብ አድርጊው፣ ከሥሩ ገብታ መተኛት ትወዳለች።

የሁለት_እናት

ልጆች ስላሉኝ የምጠይቀው እሱን ነው። ቤታችሁ ሕፃን አለ? እባብ ጤነኛ ሆና እንኳ ሳልሞኔላ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ስለዚህ ከእሷም ከሳጥኗም ከነካኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ሁልጊዜ። የውሃ ሳህኗ ምግብ በሚሠራበት ማጠቢያ አይታጠብም። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው ባይነኳት ይመረጣል። የእኔዎቹ አድገዋል፣ ግን ሳጥኑ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ልጅ እንደሆነ ለጓደኛው ሳያሳይ አያድርም።

ጮራ

ሕፃን የለንም፣ ግን የእህቴ ልጆች ይመጣሉ፤ ስለዚህ ቁልፍ እገዛለሁ። እህቴ መምጣቷን ከቀጠለች ማለቴ ነው። ሌላ ጥያቄ፣ አርቢው «ብቸኝነት እንዳይሰማት» እህቷንም አብሬ እንድወስድ እየጎተጎተኝ ነው።

ቆዳ_ገፋፊ

እንዳታደርጊው። ብቻዋን የምትኖር እንስሳ ናት። ሁለቱ ተጠቅልለው አንድ ቦታ ሲተኙ ፍቅር ይመስላል፤ አንዱን ጥሩ ቦታ እየተሻሙ ነው። አንዷ ትበላለች፣ ሌላዋ ትከሳለች፣ የቷ እንደታመመች አታውቂም፣ ባስ ሲል ደግሞ አንዷ ሌላዋን ትውጣለች። ሰውየው የቀረችውን ሊሸጥ ነው።

ሽቦ_ሰው

ክዳኑን ረሳነው፣ የባለቤትሽ ቃል አለ።

የወንፊት ክዳን ከላይ ስለተቀመጠ ተዘጋ ማለት አይደለም። እባቧ በአፍንጫዋ ጥግ ጥጉን እየገፋች ትፈትሻለች፣ ሌሊቱን ሙሉ፤ ሥራዋ ነው። በአራቱም ጎን የሚያጠብቅ መቆለፊያ ያስፈልጋል። ሳጥኑ በፊት ለፊት የሚንሸራተት ሁለት መስታወት ያለው ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መስታወቶች መሐል ያለችው ክፍተት የግልገል መውጫ ናት፤ ለዚያ የሚሆን ስስ የፕላስቲክ ወይም የብሩሽ ማተሚያ ይለጠፋል። ጭንቅላቷ የገባበት ቦታ ሰውነቷም ይገባል ብለሽ አስቢ።

ግን በምንም ዓይነት ፕላስተር አትለጥፊ፣ ውስጥ በኩል በተለይ። ሴንሰሩንም ቢሆን። ጥጉ ሲላቀቅ እባቧ ትጣበቅበታለች፣ ስትታገል ቆዳዋ ይገፈፋል። ከተጣበቀች አትጎትቻት፤ የምግብ ዘይት እየቀባሽ ቀስ ብሎ ነው የሚላቀቀው።

ፈሪ_ነኝ

ካመለጠችስ? ለራሴ ነው የምጠይቀው። እንቅልፍ ስላጣሁ።

ሽቦ_ሰው

ሃሃ። ኮርን ስኔክ መርዝ የላትም ወንድሜ፣ የምታገኛትም ከአንተ በላይ ፈርታ ነው። በሮቹን ዝጋ፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ሙላ። ከዚያ ሙቀት ያለበትን ፈልግ፦ ከማቀዝቀዣው ጀርባ፣ ከመጻሕፍቱ ኋላ፣ ከሶፋው ሥር ሳይሆን የሶፋው ጨርቅ ውስጥ። ማታ መብራት አጥፍተህ በባትሪ ብርሃን በግድግዳው ጥግ ጥግ ዙር፤ የምትሄደው ግድግዳ ተጠግታ ነው። ግልገል ከሆነች ብዙውን ጊዜ ከዚያው ክፍል አትርቅም።

ጮራ

ተመልሼ መጣሁ። ቴርሞስታት ገዛሁ፣ ዲጂታል መለኪያዎቹንም። ሳጥኑን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወርኩት። ሁለት ጠባብ መደበቂያ አለ፣ ሙቁ ላይና ቀዝቃዛው ላይ። መሐል ላይ የሞሱ ሳጥን። በየቦታው የቡሽ ዛፍ ቅርፊት፣ አርቴፊሻል ቅጠል፣ አንድ ያጋደለ ቅርንጫፍ። ከኋላና ከሁለቱ ጎን ጥቁር ወረቀት ከውጭ ለጥፌያለሁ። ባዶውን ሳጥን እባቧ ሳትገባ ቀንና ሌሊት አብርቼ እየመዘገብኩ ነው። ሙቁ መደበቂያ ውስጥ ወለሉ 31፣ ቀዝቃዛው 23፣ ሌሊት 21። እርጥበት 48። አምፖል አልጨመርኩም። ምን ይመስላችኋል?

ዝምታ_ወርቅ

በዚህ ሁኔታ 90ውን ሳጥን እኔም እቀበላለሁ። ይኸው ተናገርኩ፣ ቆዳ ገፋፊ ደስ ይበለው። አንድ ነገር ብቻ፣ ቅርንጫፉ ሲነቀነቅ እንዳይወድቅ አጥብቂው፤ ከባድ ዕቃ ሁሉ ጉዝጓዝ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ይረፍ። በሥሩ ስትቆፍር ይደፈጥጣታል።

ቆዳ_ገፋፊ

ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

ጮራ፣ ቁጥሮችሽ ጥሩ ናቸው። ቅርንጫፉን ከሜዳ አምጥተሽው ከሆነ በደንብ ቦርሺው፣ በፈላ ውሃ እጠቢው፣ አድርቂው። ለማጽጃ ፓይን ፓይን የሚሸቱ ፊኖል ያለባቸውን ፈሳሾች አትጠቀሚ። ብርሃኑን በቀን 12 ሰዓት ያህል፣ ከክፍሉ ብርሃን ጋር፣ ይበቃል። ዝቅተኛ የአልትራቫዮሌት መብራት አንዳንዶቻችን እንጨምራለን፣ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ለመጀመር ግዴታ አይደለም።

ስትመጣ ማድረግ ያለብሽ ከባዱ ነገር ምንም አለማድረግ ነው። አስገቢያት፣ ንጹሕ ውሃ ስጪያት፣ ለአንድ ሳምንት አትንኪያት። ውሃውን ለመቀየር ብቻ እጅሽን አስገቢ። ከሳምንት በኋላ አንዲት ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል፣ ከእባቧ ወፍራም ቦታ ብዙ ያልበለጠች። ሞታ በረዶ የሆነችውን ማቀዝቀዣ (ፍሪጅ) ውስጥ አቅልጠሽ በሙቅ ውሃ ለብ አድርጊያት፣ በማይክሮዌቭ አይደለም፤ ውስጧ ይበስላል፣ ይፈነዳል። በመቆንጠጫ አቅርቢ፣ በጣት አይደለም። እንቢ ካለች መደበቂያዋ በር ላይ ትተሽ ሂጂ፣ እስከ ጠዋት። ያኔም ካልበላች አውጥተሽ ጣዪና ሌላ ሳምንት ጠብቂ። ከተመገበች በኋላ 48 ሰዓት አትነካም፣ አለበለዚያ ትተፋዋለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳታስቸግር ስትበላ ነው በአጭር በአጭሩ መያዝ የምትጀምሪው። ግልገል በየ5 ወይም በየ7 ቀኑ ትበላለች።

ከተፋች ደግሞ ቶሎ አትመግቢ፤ 10 ቀን ወይም ሁለት ሳምንት አሳርፊያት፣ መጀመሪያ ሙቀቱን እዪ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ አፍንጫዋ ላይ አረፋ የምታወጣ፣ ስትተነፍስ የምታፏጭ ከሆነ ግን እዚህ አትጠይቂ፣ እንስሳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ተሳቢ የሚያክም ሐኪም የት እንዳለ ከአሁኑ ፈልጊ።

የሁለት_እናት

በምትኖሪበት ቦታ እባብ ለማሳደር ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቂ፣ ከመምጣቷ በፊት።

ጮራ

ጠይቄያለሁ፣ ወረቀቱን አርቢው ነው የሚጨርሰው። መብራት ቢጠፋስ?

ሽቦ_ሰው

ለጥቂት ሰዓት ምንም አትሆንም፣ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዪው፣ አየር ማስገቢያ ትተሽ። በሞቀ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከሙቁ ጎን አጠገብ ከውጭ ማስደገፍ ይቻላል። ረዘም ካለ ብቻ ምግብ አትስጫት፤ ሳትሞቅ አትፈጭም።

እና የመለኪያዎቹ ገመድ የት ነው የሚገባው? ከክዳኑ ሥር ከሆነ ክዳኑን ከፍ አድርጎት ይሆናል።

ጮራ

ኧረ አዎ፣ በአንዱ ጥግ በኩል ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሏል። አሁን በእርሳስ ሞከርኩት፣ አለፈ።

ሽቦ_ሰው

ወንፊቱን ለገመዱ በሚበቃ መጠን ብቻ ብሺና በዚያ አስገቢው። የቀረውን ክፍተት ለአኳሪየም በሚሆነው ሲሊኮን ድፈኚው። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ እባቧን አታስገቢ። ከዚያ እንደገና በእርሳስ ሞክሪ፣ አራቱንም ጥግ።